የመጀመሪያው ደመወዝ

ደመወዝ በቀጠሮ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ገበሬው የድካሙን ዋጋ የሚያየው አዝመራው ጎተራ ሲገባ ነው፤ ነጋዴውም ገበያው እንደ ቀናው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ወሩ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚቀበል አስቀድሞ ያውቃል። እንዲህ ከሆነ ዐቅዶ መኖር ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ ሊቀለው በተገባ ነበር። ዳሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ወሩ ሳይጋመስ ብድር ሲፈልግ የሚታየው ይኸው ደመወዝተኛ ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን ማጤን፣ ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ ለሚይዝ ወጣት ሁሉ የሚጠቅም ይመስለናል።

ለምሳሌ ያህል፣ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ትምህርቱን ጨርሶ በከላላ ሥራ የያዘ አንድ ወጣት እናስብ። የቅጥር ደብዳቤው በወር 10,000 ብር ይላል እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ቀጥሎ ባለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ በቀረው 3,000 ላይ 25 በመቶ ይታሰባል። ድምሩ 1,650 ብር ይሆናል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለት 700 ብር፣ ሲቀነስ እጁ የሚገባው 7,650 ብር ነው። ለጡረታው መንግሥት በበኩሉ 11 በመቶ ስለሚጨምርለት ያ ገንዘብ ጠፋ አይባልም፤ ቢሆንም የዛሬ ቀለብና የቤት ኪራይ አይሆነውም። ብዙ ወጣት ኑሮውን የሚቆርጠው በደብዳቤው ቁጥር ነው እንጂ በሚቀበለው አይደለም። የ2,350 ብር ጉድለት ገና ከመጀመሪያው ወር ይከተለዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የቤተሰብ ዕዳ ነው። በምዕራቡ ደቡብ ወሎ ደጋ ብዙ ወላጅ ልጁን ያስተማረው በግ እየሸጠ ነው። ስለዚህ ልጅ ሥራ ሲይዝ ወላጅ ቢጠብቅ፣ ልጅም ቢሰጥ፣ ደግ ነው። የሚያስፈልገው፣ ከሚሰጠው ገንዘብ ልክ ይልቅ የሚሰጥበትን ጊዜ ማሰብ ነው። ለማዳበሪያና ለዘር ገንዘብ የሚፈለገው ሰኔ አካባቢ ነው። ከዚያም አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ጎተራው የሚሳሳበት ክረምት ይመጣል። ሁሉም ሰው የቸገረው በዚያው ወራት ስለሆነ በጉን ወደ ገበያ የሚነዳውም ያን ጊዜ ነው፤ ሻጭ ሲበዛ ዋጋ ይወድቃል። ያው በግ እስከ መስቀል፣ እስከ ገና ወይም እስከ ዐረፋ ቢቆይ የተሻለ ያወጣል። እንግዲህ ልጅ በየወሩ ጥቂት እያስቀመጠ፣ የተጠራቀመውን በሰኔና በነሐሴ ቢልክ፣ የወላጆቹን በግ በርካሽ ከመሸጥ አዳነ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በችሮታ ከሚበተን ብዙ ገንዘብ ይልቅ በጊዜው የደረሰ ጥቂት ገንዘብ ቤት ያቆማል።

የደጋው ገበሬ በግን እንደ ባንክ ማየቱ ጥበብ ነው፤ በግ ይወልዳል፣ ዋጋውም ከኑሮ ጋር አብሮ ያድጋል። ነገር ግን ሀብትን ሁሉ በአንድ ዐይነት ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ወሎ በከባድ መከራ አይቶታል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ፣ ይልቁንም በምሥራቁ ክፍል፣ ረኃብ በገባ ጊዜ ከብቱ በከፊል ሞተ፤ የተረፈውንም ሁሉም በአንድ ወቅት ለሽያጭ ስላወጣው ዋጋው ከእህል ጋር ሲተያይ ወደቀ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረኃብ ጥናት ይህንኑ የወሎን ታሪክ መርምሯል። በደሴ ገበያ የእህሉ ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ ሕዝቡ ግን የሚገዛበት አጥቶ እንደ ተራበ አሳይቷል። እህል ባለበት አገር ሰው በመግዣ እጦት ማለቁ፣ ስለ ቁጠባ ለሚያስብ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። በክፉ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ የማይሸጠው ሌላ ነገር ያለው ቤት ይተርፋል። ከገጠር ቤተሰብ መካከል አንዱ ልጅ ደመወዝተኛ መሆኑ ራሱ እንዲህ ያለ መድኅን ነው፤ ዝናብ ቢቀርም ደመወዝ አይቀርምና።

በሌላ በኩል ገንዘብን ብቻ አምኖ መቀመጥም አያዋጣም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎ ወሰነ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋው ዕድገት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። በእንዲህ ያለ ዓመት ባንክ የገባ 100 ብር 107 ሲሆን፣ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 130 ይሆናል፤ የቆጠበው ሰው ቁጥሩ ጨምሮለት ሀብቱ ጎደለበት ማለት ነው። ስለዚህ ባንክ የሚቀመጠው ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የሁለት ወይም የሦስት ወር ቀለብ ይሁን። ወለድ ሃይማኖቱ የሚከለክለውም ሰው ከወለድ ነጻ የሆነ ሒሳብ በየባንኩ ስላለ ገንዘቡን በሣጥን የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለውም። ከዚህ የተረፈው ግን ወደ በግ፣ ወደ ሥራ መሣሪያ ወይም ወደ ተጨማሪ ትምህርት ቢለወጥ ይሻላል።

ዕቁብም ጥሩ ረዳት ነው፤ ጥቅሙን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ዐሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ በመጀመሪያው ወር ዕጣ የደረሰው ከራሱ መዋጮ ሌላ 9,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ፤ የመጨረሻው ደግሞ ለዘጠኙ ሲያበድር ከርሞ፣ ዋጋ ከጨመረ በኋላ ይቀበላል። ስለዚህ ዕቁብ በቁርጥ ለታሰበ ነገር፣ ለአልጋ፣ ለስፌት መኪና፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ ይሁን፤ ለድንገተኛ ችግር ግን አይታመንም። ለሐዘን ደግሞ በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ቅሬ ቢገባ፣ በጥቂት መዋጮ ከቀብር ወጪ መዳኑ ብቻ ሳይሆን የሠፈሩ ሰው ይሆናል።

ከወጪ ሁሉ የከፋው ግን በፊርማ የሚመጣው ነው። ደመወዝተኛ በመሆኑ ብቻ «ዋስ ሁነኝ» የማይባል ወጣት የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ከመፈረም በፊት ሕጉን ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። እንግዲህ ልኩ ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ አይፈረምም፤ ልኩ የተጻፈበትም ቢሆን፣ ተበዳሪው ባይከፍል እኔ ልከፍለው እችላለሁን ብሎ ራስን ሳይጠይቁ አይፈረምም። ይኸው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ ያዛል። ለወዳጅ ሲያበድሩ ማጻፍ ነውር አይደለም፤ ወዳጅነትን የሚያፈርሰው ያልተጻፈው ነው። የብድር ወለድም በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ሕጉ ወስኗል። በወር 10 በመቶ የሚጠይቅ አራጣ አበዳሪ በዓመት 120 በመቶ መጠየቁ ነውና ከሕጉ ወሰን ዐሥር እጥፍ ይወስዳል፤ አራጣም በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል።

ሠርግና ተዝካር፣ ሰደቃም እንዲሁ፣ የአገር ወግ ናቸው፤ እናስቀራቸው አንልም። በብድር የተደገሰ ድግስ ግን እንግዳው ከበላ በኋላ ባለቤቱን መብላት ይጀምራል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትደክም እኅት የላከችው ገንዘብ ለአንድ ቀን ድግስ ሲውል፣ ያለቀው ብሩ ብቻ አይደለም፤ ስትመለስ የምታርፍበት ጎጆም አብሮ ያልቃል። የላከችው ከመመንዘሩ በፊት ምን እንዲሠራበት እንደምትወድ ራሷ ትጠየቅ፤ ድርሻዋም በስሟ ይቀመጥ።

በመጨረሻም ትዳር ለያዙት አንድ ቃል እንጨምር። በቤተሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። የጋራ የሆነውንም አንዱ ብቻውን ቢያውቀው ሒሳቡ አይቃናም። አንድ ደብተር ገዝቶ የገባውንና የወጣውን በየማታው መጻፍ ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱ አብረው ቢያነቡት፣ ገንዘቡ የት እንደ ሄደ ለመጠያየቅና ለመቀያየም ምክንያት ያጣሉ፤ ለሚቀጥለውም ወር ከደመወዙ በፊት ዐሳቡ ይደርሳል።