ግድብ የሚያስቀረው ምንድን ነው?



በዘነበወርቅ አካባቢ ከየቤቱና ከየመንገዱ የሚወርደው ጎርፍና እጣቢ በየጅረቱ አድርጎ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂም ከከተማው በስተደቡብ፣ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም ወጥቶ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ይሁን እንጂ ወንዙ የተሸከመው ሁሉ አዋሽ አይደርስም፤ ብዙው በሐይቁ ውስጥ ይቀራል።

ስለ ምን ይቀራል? ወንዝ ሲሮጥ አፈር ይሸከማል። ግድብ ሲያቆመው ግን ጉልበቱ ይደክምና ደለሉ ይዘቅጣል። ፎስፎረስ የተባለው ንጥረ ነገር ከደቃቅ አፈር ጋር የመጣበቅ ጠባይ ስላለው አብሮ ይወርዳል። ሟሙቶ የቀረውን አልጌና የውሃ ሣር ይመገቡታል፤ እነርሱም ሲሞቱ ከታች ይከማቻሉ። ናይትሮጅን ደግሞ ሌላ መውጫ አለው፤ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ውሃው በሐይቁ ብዙ በቆየ መጠን የሚቀረውም ይበዛል።

እንግዲህ ግድቡ ለታችኛው አገር እንደ ማጣሪያ ያገለግላል ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ማጣሪያ የሚያጥበው የለም። ንጥረ ነገሩ ሲጠራቀም እምቦጭ ይስፋፋል፤ በአባ ሳሙኤልና በቆቃ የሚታየው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የተገኘውም አረም ይኸው ነው። የሞተው አረም ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ያን ጊዜ በጭቃው ተይዞ የነበረው ፎስፎረስ ተመልሶ ወደ ውሃው ይወጣል። ስለዚህ ከላይ የሚመጣው ቆሻሻ ዛሬ ቢቆም እንኳ ሐይቁ ወዲያው አይድንም። ሸክሙን የሚቀምሱት ደግሞ በዳርቻው ከብት የሚያጠጡና አትክልት የሚያለሙ ወገኖች ናቸው።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በየፕሮጀክቱ የምናገለግል ሁሉ ሦስት ነገር እናስብ። አንደኛ፣ መጸዳጃ ቤት ከወንዝ ዳር ርቆ ይቆፈር፤ ሲሞላም ዝቃጩ ወደ ጅረት አይለቀቅ። ሁለተኛ፣ በጅረቱ ግራና ቀኝ ሣርና ዛፍ ይተው፤ አፈሩን ሐይቅ ከመድረሱ በፊት ይይዘዋልና። ሦስተኛ፣ የከብት እበትና የወጥ ቤት ትራፊ በጉድጓድ ተብላልቶ ለጓሮ አትክልት ይዋል። እበት በማሳ ላይ ሀብት ነው፤ በወንዝ ውስጥ ግን ዕዳ ይሆናል።

ባልንጀራችን አጠገባችን የሚኖረው ብቻ አይደለም፤ የእኛ ውሃ የሚደርሰውም ሰው ባልንጀራችን ነው።