ፕላስቲክ ገዢው ከሥሩ ያንብብ

በምናለሽ ተራ ያገለገለ ፕላስቲክ የሚሸጠው በልማድ ስሙ ነው። ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ማዳበሪያ፣ ፌስታል እየተባለ በኪሎ ይመዘናል። ፈጭቶና አቅልጦ ዳግም ለምርት የሚያውለው ፋብሪካ ግን የሚፈልገው ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የታተመውን ቁጥር ነው። ይህን ያላወቀ ደላላ በኪሎ ያገኘውን ትርፍ በፋብሪካው በር ላይ ሊያጣው ይችላል።

ቁጥሮቹን በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። 1 ቁጥር ፔት ሲሆን የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ይሠራበታል። 2 ቁጥር ኤችዲፒኢ የጀሪካንና የበረኪና ዕቃ ነው። 3 ቁጥር ፒቪሲ በአብዛኛው ለቧንቧ ይውላል። 4 ቁጥር ኤልዲፒኢ ለስላሳው ላስቲክ ነው፤ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሸው ስስ ፌስታል ግን ብዙውን ጊዜ 2 ቁጥር ነው። 5 ቁጥር ፒፒ የማዳበሪያ ከረጢትና የፕላስቲክ ወንበር፣ 6 ቁጥር ፒኤስ ፎምና የሚጣል ኩባያ ሲሆን፣ የቀረውና የተቀላቀለው ሁሉ 7 ይባላል።

ቁጥሩ ደረጃ አይደለም፤ ዕቃው ገዢ እንደሚያገኝም ዋስትና አይሰጥም። የቀስቶቹ ምልክት ይህን ስላምታታ፣ ደረጃውን የሚያወጣው ኤኤስቲኤም በ2013 እ.ኤ.አ. ቀስቶቹን በድፍን ሦስት ማዕዘን ተክቷቸዋል። አሮጌው ምልክት ግን ዛሬም በብዙ ዕቃ ላይ ይታያል።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከመቀላቀል ነው። ፔት የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ፒቪሲ በዚህ ሙቀት ተቃጥሎ አሲድ ይለቃል። በአንድ ቶን ፔት ውስጥ 100 ግራም ያህል ፒቪሲ ቢገባ እንኳ ምርቱን ሊያበላሸውና ቀለሙን ሊያጠቁረው ይችላል። አሲዱም ማሽን ይበላል።

የውሃ ፈተና ለነጋዴው በርካሽ የሚገኝ መለያ ነው። 2፣ 4 እና 5 ቁጥር ይንሳፈፋሉ፤ ፔት ይሰምጣል። በዚህ ዘዴ የጠርሙሱ ክዳን ከጠርሙሱ ይለያል። ፒቪሲም ስለሚሰምጥ ግን ውሃው ከፔት አይለየውም። ያኔ የጠርሙሱን ሥር ማየት ያስፈልጋል፦ በፔት ላይ ነጥብ፣ በፒቪሲ ላይ የስፌት መስመር ይገኛል።

አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸውም ቢሆኑ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የለስላሳ ሳጥንና ጀሪካን ሁለቱም 2 ቁጥር ናቸው። የሳጥኑ ፕላስቲክ ሲቀልጥ ስለሚቀጥን ግን በአየር ተነፍቶ ለሚሠራ ጀሪካን አይሆንም።

ቻይና በ2018 እ.ኤ.አ. ያገለገለ ፕላስቲክ ከውጭ ማስገባትን ካገደች ወዲህ፣ የዓለም ገበያ ያልተለየ ጭነት በቀላሉ አይቀበልም። የአገር ውስጥ ነጋዴም ውል ሲዋዋል «ፕላስቲክ በኪሎ» ብሎ መጻፉ አይበቃውም። ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ ክዳኑና እርጥበቱ በውሉ ይስፈሩ፤ ከቦንዳውም አንዱ ተፈትቶ ሳይታይ ገንዘብ አይከፈል።