ስለ አሮጌ ፈጣን ኦቶሞቢል አያያዝና ቁልፉን ለልጅ ስለ መስጠት

ፈጣን ኦቶሞቢል መግዛት ገንዘብ ላለው ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መያዝና መንዳት ግን የብዙ ዘመን ትምህርት ነው። ከዚህም የሚከብደው ቁልፉን ለልጅ መስጠት ነው። እኛ በጀርመን አገር በስቱትጋርት ከተማ ተቀምጠን ሳለን በአንድ አሮጌ ኦቶሞቢል ምክንያት በቤታችን የሆነውን ነገር ብንጽፍ፥ ልጆች ለሚያሳድጉ አንባቢዎቻችን ሳይጠቅም አይቀርም ብለን አሰብን። የዓመቱ ቁጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ኦቶሞቢሉ ፖርሽ 911 ቱርቦ ይባላል። 911 የተባለው ዓይነት መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በ1963 በፍራንክፉርት ነው፤ ቱርቦው ደግሞ በ1974 በፓሪስ ታየ። የመጀመሪያው ሞተር 3 ሊትር ሆኖ 260 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለ1978 በወጣው ዓይነት ግን ሞተሩ ወደ 3.3 ሊትር አድጎ ጉልበቱ 300 ሆነ። እኛ በ2015 የገዛነው በ1979 የተሠራውን ነው።

ይህ ኦቶሞቢል ጠባዩ ከሌሎቹ የሚለይበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፥ ሞተሩ ከኋላ መንኰራኩሮች በስተኋላ የተቀመጠ ስለ ሆነ አብዛኛው ክብደት ያለው በዚያ ወገን ነው። ነጂው በመታጠፊያ መካከል ደንግጦ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ በድንገት ያነሣ እንደ ሆነ፥ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የኋላ መንኰራኩሮችም መሬት የመያዝ ኃይላቸው ይደክማል፤ ያ ከባድ ሞተር በገመድ እንደ ታሰረ ድንጋይ ወደ ውጭ ይወረወራል። ሁለተኛው፥ ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ስለ ሆነ፥ ጭሱ እስኪበረታ ድረስ ኃይሉ ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ያልተማረ ነጂ ኃይሉ የቀረበት መስሎት አብዝቶ ይረግጣል። ኃይሉ በመታጠፊያው መካከል ሲደርስበት ይደነግጣል፤ ሲደነግጥም እግሩን ያነሣል። የሁለቱ ጠባዮች ክፋት የሚገናኘው በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ገና መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ፥ ወደ መታጠፊያው ሳይገቡ ነው። ከገቡ በኋላ እግርን አጽንቶ ቤንዚኑን በዝግታ መስጠት እንጂ መደንገጥ አይጠቅምም።

ይህን ሁሉ እኛ በቃል እናውቀው ነበር። ነገር ግን በ2016 በጥቅምት ወር ከባለቤታችን ጋር ከስቱትጋርት በስተ ደቡብ ባለው በሽዌቢሽ አልብ ተራራ መንገድ ስንወርድ፥ ዝናብ ዘንቦ የዛፍ ቅጠልም በመንገዱ ላይ ረግፎ ነበር። በአንድ መታጠፊያ ፍጥነታችን የበዛ መሰለንና ደንግጠን እግራችንን አነሣን። ኦቶሞቢሉ አንድ ጊዜ ተኩል ዞሮ ከመንገድ ወጣና በሣር ላይ ቆመ። ትልቁ ዛፍ ከቆምንበት 10 እርምጃ አይርቅም ነበር። ማንም አልተጎዳም። ባለቤታችን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከተቀመጡ በኋላ «በቤት 2 ልጆች አሉን» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ኦቶሞቢል መቀመጥን ተዉ።

በማግሥቱ ጎማዎቹን ስንመረምር ሌላ ጥፋታችንን አገኘን። የጎማው ጥርስ ገና ጥልቅ ስለ ነበረ ደኅና ነው ብለን አምነን ነበር። በጎማው ጎን ግን 4 ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ቢነበቡ ጎማው 11 ዓመት የሞላው ሆኖ ተገኘ። ጎማ ባይሠራበትም በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማም እርጥብ መንገድ አይዝም። ቁጥሩ ከገዛንበት ቀን ጀምሮ በዓይናችን ፊት ነበረ፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብለን አላነበብነውም።

በ2017 የበኵር ልጃችን 18 ዓመት ሞልቶት መንጃ ፈቃድ አወጣና ቁልፉን ጠየቀን። «አባባ፥ ፈቃድ አለኝ፤ በአውቶባንም የፍጥነት ወሰን የሌለበት ስፍራ ሞልቷል፤ እርስዎ እየነዱ እኔ ለምን እከለከላለሁ?» አለን። በቁጣ ልንመልስለት ስንል ያ ዛፍ ትዝ አለንና ዝም አልን። ባለቤታችን ግን «አባትህ በዚያን ቀን ያላወቀውን አንተ እስክታውቅ ድረስ አይሰጥህም፤ ካወቅህ በኋላ የሚከለክልህ የለም» ብለው ፈረዱ።

ልጃችን 2018ን ሙሉ ሳይነዳ የኦቶሞቢሉ ጠባቂ ሆነ። ይህ ሞተር በውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት የሚበርድ ስለ ሆነ፥ ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ በደልዳላ ስፍራ እየዞረ ሳለ መሆኑን ተማረ። ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩን ማስጨነቅ እንደማይገባ፥ በኃይል ከተነዳም በኋላ ቱርቦው ግሎ ሳለ ወዲያው ቢጠፋ ዘይቱ በውስጡ አርሮ መሣሪያውን እንደሚያበላሽ፥ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ መዞር እንዳለበት ዐወቀ። የወጪውንም መዝገብ በእጁ ጻፈ። በጀርመን አገር ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተጠበቀ ኦቶሞቢል ኤች የሚል ፊደል ያለበት ሰሌዳ ያገኛል፤ የዓመት ግብሩም 191 ዩሮ ያህል ነው። ኪስ የሚያራቁተው ግን ግብሩ ሳይሆን ጥገናው መሆኑን መዝገቡ አሳየው። እኛም ለኦቶሞቢሉ በየወሩ የሚቀመጥ ገንዘብ ቈረጥን፤ ያ ባይበቃ ከልጆች የትምህርት ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ሳይነካ ኦቶሞቢሉ በጋራዥ ይቆማል ብለን ተስማማን። በመጨረሻም ውኃ በፈሰሰበት በተከለለ ሜዳ እግር በድንገት ሲነሣ የሚሆነውን ነገር ከመምህር ዘንድ አብረን ተማርን። መምህሩም ከልጃችን ይልቅ እኛን አብዝቶ ገሠጸን።

በ2019 በሚያዝያ ወር ልጃችን ሞተሩን አስነሥቶ ዘይቱ እስኪሞቅ ይጠብቅ ነበር። ባለቤታችን ከቤት ወጡና «ጎማው መቼ የተሠራ ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ወርዶ ሳያይ «በ2016፥ በ38ኛው ሳምንት፤ እማማ» ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ በሩን ከፍተው ከጎኑ ተቀመጡ። የኋላው መቀመጫ ለሕፃን እንጂ ለጐልማሳ አይበቃምና እኛ በደጅ ቆመን ቀረን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ባለቤታችን ሲወርዱ «ከእርስዎ ይልቅ ቀስ ይላል» አሉን። በዚህ አላዘንንም።

እንግዲህ ልጅ ላላችሁ አንባቢዎቻችን የምንለው ይህ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና ቁልፉን አትቸኵሉበት፤ በቁጣም አትከልክሉት። ይልቁንም ልጁ የሚማረውን እናንተም አብራችሁት ተማሩ።