ጭሱ የወጣለት ከሰልና የቤታችን አየር



ስለ ቤት ውስጥ አየር ጥራት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው የገጠሩን የማገዶ ጭስ ነው። ማሰባችን ተገቢ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ የምትጋግር እናት ዓይኗ የሚያነባው፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የሚያስለው በዚያ ጭስ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ዛሬ ግን የምናገረው በከተማ ቤቶቻችን በቡና ሰዓት ስለሚገባው የከሰል ምድጃና ስለማይታየው ጋዙ ነው።

ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሰሉ በደጅ ይቀጣጠላል፤ ይራገባል፤ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ጭሱ ወጥቶለታል» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፤ እኔም ኬሚስትሪ ተምሬ እንኳ ለብዙ ዓመታት ነገሩን ሳልመረምር ኖሬአለሁ። ልማዱ ግማሽ እውነት አለው። ከሰል ገና ሲያያዝ የሚወጣው ጭስ እስከ ሳንባ ጥልቀት የሚደርሱ ጥቃቅን ብናኞችን ይይዛልና በደጅ መቅረቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ስሕተቱ ጭሱ ሲያልቅ አደጋውም አለቀ ብሎ ማመን ነው።

በፍሙ ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ከሥር የሚገባው አየር ከካርቦኑ ጋር ሲዋሐድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ በጋለው ፍም መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ እንደገና ካርቦን ያገኝና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በፍሙ ላይ አንዳንድ ጊዜ የምታዩት ስስ ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው። ሳይቃጠል ያመለጠው ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በአመድ የተዳፈነ እሳትም ከዚህ አያመልጥም፤ አየር እያነሰው ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለሰዓታት ጋዙን ሊያወጣ ይችላል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በደማችን ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይከተላሉ። እኛ ዘንድ ይህ «የቡና ሐራራ ነው»፣ «ምች ነው» ተብሎ ያልፋል። ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል በአንድ ጊዜ ካመመውና ደጅ ሲወጣ ከቀለለው ግን ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ምድጃው ነው። የተኛ ሰው ምልክቱን የማስተዋል ዕድል የለውም፤ በፅንስ ላይ ያለው ጉዳትም ከእናቲቱ ሊብስ ይችላል።

የቤቱም ነገር አለ። የሣር ክዳን ጎጆ ጭሱን በክዳኑ ያሳልፍ ነበር። የዛሬው ኮንዶሚኒየም ኮንክሪትና መስተዋት ነው፤ ምድጃው ግን ያው ነው። በክረምት ብርዱን ፈርተን ሁሉን እንዘጋለን፤ መብራት ሲጠፋም ኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው ወደ ከሰሉ ይመለሳል። ዕጣን ደግሞ አየሩን አያጸዳም፤ ሽታውን ለውጦ የራሱን ጭስ ይጨምራል። ቡናችሁን ያለ ዕጣን ጠጡ ማለቴ አይደለም፤ እኔም አልችልም።

ምድጃው በረንዳ ላይ ቢቀር ይመረጣል። የግድ ከገባ በትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶች፣ ወይም በርና መስኮት፣ ወለል ብለው ይከፈቱ፤ አንድ መስኮት ገርበብ ማድረግ አየሩን በሚገባ አያዘዋውረውም። በረካው እንዳበቃ ምድጃው ከነፍሙ ይውጣ። ሰው በሚተኛበት ክፍል በምንም ምክንያት አይደር።

ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ በሩን ከፍታችሁ ወደ ደጅ አውጡት፤ ቢነቃም ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።