የሽርሽሩ ሂሳብ

እረፍት ማለት ሶደሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አንድ ጊዜ ወደ ይርጋለም ብቅ ይበል። ከሐዋሳ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔና ሦስት የልብ ጓደኞቼ ባለፈው ኅዳር እዚያ፣ ቡና እርሻ መሀል ባለ ማረፊያ፣ ሁለት ሌሊት አደርን። ቤቱ በሲዳማ ባህል ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቀይ ፍሬውን አንዠርግጎ ለቀማ ላይ ነበር። ቁርሳችን በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ! (ኬክ ለለመደ ከተሜ ሆድ ትንሽ ከበድ ይላል፤ ግን ማን ይተወዋል?)

ታዲያ ጨዋታው ደርቶ ሳለ አንደኛው ጓደኛችን “አልራበኝም” ማብዛት ጀመረ። ማታ እሳት ዳር ስንወተውተው አቀረቀረና፣ “ከሥራ ከወጣሁ ሁለት ወሬ ነው። የመጣሁትም በብድር ነው” አለን። ሦስታችንም ክው አልን። በየሳምንቱ ካፌ እየተገናኘን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም! ለነገሩ ካፌ ውስጥ ማን የሆዱን ይናገራል? ሂሳብ በየተራ ይከፈላል፣ ይሳቃል፣ ይኬዳል።

እና ወዳጆቼ፣ ሽርሽር ስታስቡ ከመኪናው በፊት ስለ ብሩ ተነጋገሩ። “እኩል እናዋጣ” የሚባለው ነገር ለሁሉም እኩል አይከብድም። ደግሞ የቸገረውን ሰው በጓደኞቹ ፊት “ስንት አለህ?” አትበሉት፤ ለብቻው ጠይቁት። እኛ የእሱን ድርሻ ለሦስት ተካፈልነው። ኩሩ ስለሆነ አሻፈረኝ ብሎ ነበር፤ በመጨረሻ “ስንመለስ መኪናውን እኔ እነዳለሁ” በሚል ተስማማን። ከይርጋለም አዲስ አበባ ድረስ መሪውን ለማንም አልሰጠም።