የደህንነት ካሜራን በቤት ውስጥና ከርቀት መከታተል፦ ከግዢ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር ዞን የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ስሟ እንደሚያመለክተው የገበያ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ ሱቅ ወይም የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ የደህንነት ካሜራ ለመግዛት ሲያስብ አስቀድሞ የሚያሳስበው፣ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ካሜራው ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም ካሜራው በተዘረጋበት መንገድ ይወሰናል።

በቅድሚያ መለየት የሚገባው መቅረጽ፣ በቤት ውስጥ መመልከትና ከርቀት መመልከት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ኢንተርኔት የግድ የሚያስፈልገው ለሦስተኛው ብቻ ነው። ካሜራዎቹ በገመድ ከመቅረጫ መሣሪያው (ዲቪአር ወይም ኤንቪአር) ጋር ከተገናኙ ምስሉ በመሣሪያው ውስጥ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ መሣሪያውን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር በማገናኘትም ቀጥታም ሆነ የተቀረጸውን ምስል መመልከት ይቻላል። መሣሪያው ከዋይፋይ ራውተር ጋር ከተያያዘ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ ያለቀ ቢሆንም እንኳ በዚያው ዋይፋይ ውስጥ ያለ ስልክ ምስሉን ሊያገኝ ይችላል።

በሜሞሪ ካርድ የሚቀርጹ አነስተኛ የዋይፋይ ካሜራዎች ግን ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ዋጋቸው ዝቅ ያለና አተካከላቸው ቀላል ቢሆንም፣ አንዳንዶቹ ኢንተርኔት ከሌለ የስልክ መተግበሪያቸው ጨርሶ አይከፈትም። በመሆኑም ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሻጩ የራውተሩን የኢንተርኔት መስመር ነቅሎ ምስሉን በስልክ እንዲያሳየው ቢጠይቅ ይመረጣል። ሙከራው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

የማከማቻው መጠንም በግምት ሊተው አይገባም። በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚልክ አንድ ካሜራ ያለማቋረጥ ቢቀርጽ በሰዓት 450 ሜጋ ባይት፣ በቀን ወደ 11 ጊጋ ባይት ይይዛል። አራት ካሜራዎች በዚህ ስሌት ባለ 1 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክን በ23 ቀናት ገደማ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌው እየሰረዘ አዲሱን ይጽፋል። የምስሉ ጥራት ከፍ ባለ ቁጥር ቀናቱ ያጥራሉ። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ማስተካከል ቀናቱን ያራዝማል፤ ይሁን እንጂ ካሜራው ወደ ዛፍ ወይም ሰው ወደሚበዛበት መንገድ ከዞረ ጥቅሙ እምብዛም ነው።

መብራት ሲጠፋ መቅረጫው፣ ካሜራዎቹና ራውተሩ በአንድነት ይጠፋሉ፤ ሌባ የሚጠብቀውም ይህንኑ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ ወይም ባትሪ ሲገዛ ሦስቱንም እንዲሸከም ታስቦ መሆን አለበት። መቅረጫውን ብቻ በባትሪ ማሠራት ብዙ የሚታይ ስህተት ነው፤ ካሜራው ከጠፋ መቅረጫው የሚቀርጸው ነገር አይኖርም። መቅረጫው ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ከተቀመጠም ሌባው ሁለቱንም ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ የሚቆለፍና አየር የሚያገኝ ሌላ ክፍል ይምረጡለት።

ከርቀት መመልከት የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው። ለምሳሌ ሱቁ አርብ ገበያ፣ የባለቤቱ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ነው እንበል። መቅረጫው በመደበኛ መስመር ወይም ሲም ካርድ በሚቀበል ራውተር ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም የአምራቹ መተግበሪያ በስልክ ላይ ተጭኖ በመሣሪያው ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ይነበባል። ስልኩና መቅረጫው በአምራቹ አገልጋይ ኮምፒውተር አማካይነት ይገናኛሉ። አንዳንድ ገጣሚዎች በዚህ ፈንታ በራውተሩ ላይ ፖርት ይከፍታሉ። ይህ መሣሪያውን ከየትኛውም የዓለም ክፍል ለሚሞክር ሰው በር መክፈት በመሆኑ በቂ እውቀት በሌለበት አይመከርም።

ከርቀት ሲታይ በመተግበሪያው ውስጥ ዝቅተኛውን የምስል ጥራት መምረጥ ወጪ ይቀንሳል። በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ቢት የሚልክ ምስል ለአሥር ደቂቃ ሲታይ 38 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ ከላኪውም ከተመልካቹም ጥቅል ላይ የሚቀነስ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት። ቀረጻውን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ማከማቻ ለማስቀመጥ መሞከር በሲም ካርድ ለሚሠራ ሱቅ አዋጭ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የይለፍ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተሰኘው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ እጅግ በርካታ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን የተቆጣጠረው፣ ባለቤቶቻቸው ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ በመተዋቸው ነበር። ቤተሰብን የሚያሳስበው ግን ከዚህ የቀረበ አደጋ ነው። ገጣሚው ሥራ ለማቅለል ሲል የአስተዳዳሪውን መለያ በራሱ ስልክና ኢሜይል ከከፈተው፣ የካሜራው እውነተኛ ባለቤት እርሱ ይሆናል። ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ መግባት ሲያቅተው ነገሩን ይረዳል፤ ወይም ጨርሶ ሳይረዳው፣ ጓዳው በማያውቀው ሰው ስልክ ሲታይ ይኖራል። ስለዚህ መለያው በባለቤቱ ስልክ ቁጥር እንዲከፈት፣ የይለፍ ቃሉን ገጣሚው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ባለቤቱ ራሱ እንዲቀይርና በወረቀት ጽፎ እንዲያስቀምጥ ይመከራል። አዲስ አበባ ላለው ልጅም ዋናውን የይለፍ ቃል ከመስጠት ይልቅ በመተግበሪያው «ማጋራት» በሚለው አማራጭ ማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ድርጊት ነው።

ባለቤቱም የራሱ ግዴታ አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠው የግል ሕይወት የመከበር መብት ለጎረቤትም፣ ለቤት ሠራተኛም፣ ለተከራይም ነው። ካሜራው የራስን በር፣ ግቢና መደርደሪያ ይመልከት እንጂ የጎረቤትን መስኮት ወይም የሠራተኛን መኝታ አይመልከት። በሱቅ ውስጥ ቀረጻ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ መለጠፍም ተገቢ ነው፤ ሌባንም ያሸሻል። ሰውን ለይቶ የሚያሳይ ምስል የግል ዳታ ሲሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በመጨረሻ የሚስተካከለው፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው የመቅረጫው ሰዓት ነው። የሰዓት ቀጠናው በጂኤምቲ +3 መሞላት አለበት። በምስሉ ላይ 02:30 የሚል ከታየ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ቀኑም የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ማስረጃው ለፖሊስ ሲቀርብ ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፎ ማያያዝ ከአላስፈላጊ ክርክር ያድናል። ድርጊት በተፈጸመ ዕለት ቀረጻውን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ቀናት ካለፉ መሣሪያው በላዩ ላይ ሊጽፍበት ይችላል።