የሶፍትዌር ልቀት መዘግየት

የሶፍትዌር ልቀት መዘግየት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወይም የነባር ፕሮግራም ማሻሻያ ይወጣል ከተባለበት ቀን አልፎ ለተጠቃሚ ሲደርስ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ከዚሁ ጋር አብሮ የሚነሳው የምርት መረጋጋት ደግሞ ፕሮግራሙ በተለያዩ ሁኔታዎች ሳይቋረጥ፣ ሳይሳሳትና መረጃ ሳያጠፋ ሥራውን ማከናወን መቻሉን ያመለክታል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ሚዛን ሁለት ወገኖች ተደርገው ይታያሉ። ቀን ለመጠበቅ ሲባል ፍተሻ ይቀነሳል፤ ፍተሻ ሲጨመር ደግሞ ቀኑ ያልፋል። ነገር ግን የዘገየ ሁሉ የተረጋጋ አይደለም፤ በቀኑ የወጣ ሁሉም ችግር ያለበት አይደለም። መዘግየት የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው በሚጠበቅበት ጊዜ አደጋው በማን ላይ እንዳለ ታይቶ ነው።

የመዘግየት ምክንያቶች

ሶፍትዌር የሚዘገይባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

የሥራው መጠን መስፋት፦ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አዳዲስ ተግባራት ሲጨመሩ መጀመሪያ የተገመተው ጊዜ አይበቃም።

የተደበቁ ስህተቶች፦ ለብቻቸው በትክክል የሚሠሩ ክፍሎች አንድ ላይ ሲገናኙ ያልታሰበ ስህተት ያሳያሉ። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በሥራው ማብቂያ ላይ ነው።

በሌሎች ላይ መደገፍ፦ ፕሮግራሙ የሌላ ድርጅት ሲስተም፣ የኔትወርክ መሣሪያ ወይም የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ የአንዱ መዘግየት ሌላውን ይጎትታል።

የሰው ኃይል አጨማመር፦ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስረዳው፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ አዲስ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ ያዘገየዋል። አዲስ የመጡት ሥራውን እስኪለምዱ ነባሮቹ ጊዜያቸውን በማስተማር ያጠፋሉ፤ እርስ በርስ መነጋገር ያለባቸው ሰዎች ቁጥርም ይበዛል።

መረጋጋት የሚፈተሽበት መንገድ

አንድ ፕሮግራም ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በተለያዩ ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይፈትሹታል። ቀጥሎ ቤታ የሚባለው የሙከራ ስሪት ለተወሰኑ ተጠቃሚዎች ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አዲስ ተግባር መጨመር ይቆምና የተገኙ ስህተቶችን ማረም ብቻ ይፈቀዳል። በመጨረሻ የልቀት እጩ የሚባለው ስሪት ይወጣል፤ ከባድ ስህተት ካልተገኘበት እርሱ ራሱ የመጨረሻው ስሪት ይሆናል።

ከዚህ በተጨማሪ ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው ደረጃ በደረጃ መልቀቅ ሲሆን፣ አዲሱ ስሪት በመጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ወይም ለአንድ ከተማ ብቻ ይሰጣል። ሁለተኛው ወደ ቀድሞው ስሪት የመመለስ ዝግጅት ነው። ችግር ቢፈጠር በደቂቃዎች ውስጥ አሮጌውን መመለስ የሚቻል ከሆነ ስህተቱ ብዙ ሰው ሳይነካ ይቆማል።

በቀን ወይስ በዝግጁነት

ሶፍትዌር ሠሪዎች ሁለት ዓይነት ልማድ አላቸው። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት የሚወጣው ዝግጁ ሲሆን ነው። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ከወጣው ስሪት 3.0 እስከ ስሪት 3.1 ድረስ ተጠቃሚዎች ሦስት ዓመት ያህል ጠብቀዋል። በደቢያን ላይ የተመሠረተው ኡቡንቱ ግን በየስድስት ወሩ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር፣ እንዲወጣ ተወስኗል። በዚህ ልማድ ቀኑ አይነካም፤ ያልደረሰ ተግባር ካለ ወደሚቀጥለው ስሪት ይተላለፋል። ሆኖም ኡቡንቱም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠውን ስሪት 6.06 ከኤፕሪል ወደ ጁን 2006 አሸጋግሯል። ለዓመታት የሚያገለግል ስሪት ስለነበረ ተጨማሪ ሳምንታት መፈተሹ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

የኢትዮጵያ ፊደልና ዊንዶውስ ቪስታ

የመዘግየት ውጤት ከአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ ጋርም ይገናኛል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር አገኘ። ያም ሆኖ በወቅቱ የነበሩት የዊንዶውስ ስሪቶች የግዕዝ ቅርጸ ፊደል አብሯቸው አይመጣም ነበር። ሰዎች እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞችን ይጠቀሙ ነበር። እነዚህ የየራሳቸው የፊደል አመዘጋገብ ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር።

ኒያላ የተባለው ቅርጸ ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የመጡት በቪስታ ነው። ቪስታ ግን በጣም ከዘገዩ ሶፍትዌሮች አንዱ ነበር። የሥራው ስፋት ከቁጥጥር በመውጣቱ ማይክሮሶፍት በ2004 ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረው። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2007 ሲሆን፣ ይህም ከኤክስፒ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ወስዶም በወጣ ጊዜ በዝግታውና ከነባር መሣሪያዎች ጋር ባለመስማማቱ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። የሥራ መስፋት ያመጣው መዘግየት ለፍተሻ ከተሰጠ ጊዜ ጋር አንድ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የታዩ ክስተቶች

የበረራ ቁጥር 302

በዚህ ርዕስ ከሁሉ የከፋው ምሳሌ የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ሶፍትዌር ነው። አውሮፕላኑ ኤምካስ የተባለ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ብሏል ብሎ ሲገምት ወደ ታች ይገፋዋል። አውሮፕላኑ ይህን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ቢኖሩትም ኤምካስ የሚያምነው የአንዱን ንባብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያ መሣሪያ ከተሳሳተ ፕሮግራሙ ደጋግሞ አውሮፕላኑን ወደ ምድር ይገፋ ነበር።

ሁለቱ መሣሪያዎች የተለያየ ንባብ ሲሰጡ አብራሪዎችን የሚያስጠነቅቅ መልእክትም ነበር። ይሁንና ቦይንግ ይህ ማስጠንቀቂያ በብዙዎቹ አውሮፕላኖች ላይ እንደማይሠራ በ2017 አውቆ፣ እርማቱ በ2020 ከሚወጣ ሌላ ማሻሻያ ጋር እንዲለቀቅ አስተላልፎት ነበር።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ቦይንግ ኤምካስን ማሻሻል ጀመረ፤ አውሮፕላኖቹ ግን በረራቸውን ቀጠሉ። ከ132 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማሻሻያው ገና ሳይወጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። የሶፍትዌሩ እርማትም ከተጠበቀው እጅግ ዘገየ። በፍተሻ ወቅት በበረራ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ችግር ተገኝቶ ሥራው ሰፋ። በአዲሱ ስሪት ኤምካስ የሁለቱንም መሣሪያዎች ንባብ ያመሳክራል፤ ካልተስማሙም አይሠራም። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እገዳውን ያነሳው ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ደግሞ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሶፍትዌር ሁለት ጊዜ ዘግይቷል። በመጀመሪያው መዘግየት አውሮፕላኖቹ በሰማይ ላይ ነበሩ፤ አደጋውን የተሸከሙት መንገደኞች ነበሩ። በሁለተኛው መዘግየት አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ ቆመው ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ኩባንያው ራሱና አየር መንገዶቹ ናቸው። ሁለተኛው በጣም ረጅም ቢሆንም በሰው ሕይወት ላይ አደጋ አልጣለም።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ ለመጋቢት 7 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዛመት በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ችግሩ የተፈጠረው ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር በተያያዘ መሆኑን አስታወቀ።

ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ዘጋ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ አሳሰቡ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በኋላ እንደተናገሩት ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ወር ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመልሷል። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አድርጓል።

ክስተቱ የሚያሳየው በሥራ ላይ ባለ ሲስተም የሚደረግ ለውጥ ልክ እንደ አዲስ ልቀት መታየት እንዳለበት ነው። በሌሊት መሥራት ብቻውን መከላከያ አይሆንም። የሒሳብ ቁጥጥሩ ሲጓደል ክፍያውም አብሮ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ደንበኞች ለጥቂት ሰዓት አገልግሎት ከማጣት በቀር ሌላ ነገር ባልደረሰ ነበር።

ሳፋሪኮም በድሬዳዋ

ሦስተኛው ምሳሌ ኔትወርክን የሚመለከት ነው። በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ይጀምራል ተብሎ የተጠበቀው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ነበር። ያ ቀን አለፈ። ኩባንያው የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ብቻ ጀመረ፤ ሐረርና ሐረማያም ተከተሉ። በአዲስ አበባ በይፋ የተጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ደረጃ በደረጃ መልቀቅ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ከተማ ላይ የሚታይ ጉድለት አገሩን ሁሉ ሳያዳርስ ይታረማል።

ለትናንሽ ከተሞች ያለው ትርጉም

አፍደም በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ በቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በክልሉ እንደ ሄሎካሽና ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ቴሌብር ያሉ የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ይሠራሉ። እነዚህ አገልግሎቶች በሁለት መንገድ የሚደርሱ ሲሆን ማሻሻያቸውም የተለያየ ጠባይ አለው።

በአጭር ቁጥር ተደውሎ የሚከፈተው ዝርዝር በማንኛውም ተራ ስልክ ይሠራል። ዝርዝሩ የተቀመጠው በአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አንድ ለውጥ ሲደረግ ለጅግጅጋም ለአፍደምም በተመሳሳይ ቅጽበት ይደርሳል። ጥሩ ማሻሻያ ከሆነ ማንም ሳያወርድ ያገኘዋል፤ ስህተት ከሆነም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነካል።

በስማርት ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ ግን በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ በኢንተርኔት መውረድ አለበት። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ወይም ዳታ ውድ በሆነበት ቦታ ብዙ ሰው አሮጌውን ስሪት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ተጠቃሚ የወጣ እርማት ለሌላው ገና አልደረሰም ማለት ነው። ሠሪዎቹ አሮጌውን ስሪት ቶሎ ከዘጉት የሩቅ ተጠቃሚ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ቅርብ የባንክ ቅርንጫፍ ለሌለው ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው።

መዘግየትን ለመመዘን

አንድ ሶፍትዌር ሲዘገይ ነገሩን ለመመዘን የሚረዱ አራት ጥያቄዎች አሉ። የሚጠበቀው አዲስ ነገር ነው ወይስ የታወቀ አደጋ እርማት? እስኪወጣ ድረስ አደጋውን የሚሸከመው ማን ነው? የተጨመረው ጊዜ ለፍተሻ ነው ወይስ ሥራው ስለሰፋ የመጣ? ከወጣ በኋላ ችግር ቢገኝ መመለስ ይቻላል? አዲስ ተግባር ቢዘገይ ተጠቃሚው አሮጌውን ይዞ ይቆያል። የታወቀ አደጋ እርማት ሲዘገይ ግን እርማቱ እስኪደርስ አደጋ የሚያመጣውን ነገር ማቆም ያስፈልጋል።